አምስተኛዋን ተያት፦ ስለ ቤዝ ጊታር ምልልስ

ቤዚስቱ በሆቴል ባንዶች ብዙ ዘመን የተጫወቱ፣ አሁን ቤታቸው ተማሪ የሚቀበሉ ሰው ናቸው። ጀማሪዋ የእህታቸው ልጅ ናት። የምታገለግልበት ኳየር ቤዝ የሚጫወተውን ልጅ ወደ ውጭ አገር ሸኝቶ ተራው እሷ ላይ ወድቋል።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎትና ቤዝ ልጫወት ብዬ አይደለም የመጣሁት። ሊድ ጊታር የሚጫወቱ ሁለት ልጆች አሉን፣ ኪቦርዱን ሦስት ሰው ይሻማበታል። ቤዙን የሚይዝ ሲጠፋ «ያንቺ ጣት ረጅም ነው» አሉኝ።

ቤዚስቱ፦ አይክፋሽ፣ ቤዚስት የሚገኘው እንዲሁ ነው። ፖል ማካርትኒም ወዶ አልያዘውም። ቢትልሶች ሃምቡርግ ሳሉ ስቱዋርት ሰትክሊፍ ከባንዱ ወጣ፤ ቤዙን ልያዝ የሚል ስለጠፋ ለእሱ ደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1961 እዚያው ከተማ ያቺን ቫዮሊን የምትመስል ሆፍነር ገዛ። ሰውየው ግራኝ ነው፤ ግራና ቀኟ እኩል ስለሆነ ብትገለበጥም አታስጠላም ብሎ መረጣት።

ጀማሪዋ፦ ጣት መርዘሙስ ይጠቅማል?

ቤዚስቱ፦ አይጎዳም። ግን የእሱ ሆፍነር ራሷ አጭር ናት፣ ክሯ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ያንቺው ከላይ ከነቱ እስከ ብሪጁ 86 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የተለመደው ጊታር 65 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፍሬቶቹ ይራራቃሉ፣ በተለይ ነቱ አጠገብ። እዚያ አራት ፍሬት በአራት ጣት ልሸፍን ብለሽ እጅሽን አታስጨንቂው። ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና ትንሿ ጣት ይበቃሉ፤ ቀለበት ጣት ትንሿን ይደግፋል። ወደ ላይ፣ ወደ አካሉ ስትጠጊ ፍሬቱ ይጠባል፣ ያኔ አራቱንም አሰልፊ።

ጀማሪዋ፦ ለምን እንዲህ አስረዘሙት? አሳጥረው ቢሠሩት ለሁሉም ይቀል ነበር።

ቤዚስቱ፦ ክር ዝቅ ያለ ድምፅ እንዲያወጣ ከፈለግሽ መንገዱ ሦስት ነው፤ ታስረዝሚዋለሽ፣ ታወፍሪዋለሽ ወይም ታላሊዋለሽ። አጭር አድርገሽ ብታላይው እንደ ላስቲክ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይደፈርሳል። ያንቺ ወፍራሟ ክር ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ናት፣ በሴኮንድ 41 ጊዜ ትርገበገባለች። እሷ ኢ ናት። ቀጥሎ ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ 98። የጊታሩ አራት ወፍራም ክሮች ናቸው፣ አንድ ኦክታቭ ወርደው።

ጀማሪዋ፦ አሁን ገባኝ። መዝሙሩን በስልኬ ከፍቼ ቤዙን ልለይ ብል ምንም አይሰማኝም ነበር።

ቤዚስቱ፦ በስልክ ስፒከር ቤዝ አይጠናም። ያቺ ትንሽ ስፒከር 41ን ማውጣት አትችልም። አንቺ የምትሰሚው ከሥሩ ድምፅ በላይ የሚወጡትን፣ 82ቱን፣ 123ቱንና ከዚያ የሚያልፉትን ነው፤ ሥሩን አእምሮሽ ራሱ ይጨምርበታል። ዘፈኑን ለመስማት ይበቃል፣ ቤዚስቱ ኖታውን መቼ እንደለቀቀ ለማወቅ ግን አይበቃም። የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ፣ ርካሽም ቢሆን።

ጀማሪዋ፦ ኖታውን መቼ እንደለቀቀ ማወቅ ለምን ይጠቅመኛል? መቼ እንደጀመረ አይደል ዋናው?

ቤዚስቱ፦ እዚህ ላይ ነው ጊታሪስትና ቤዚስት የሚለያዩት። ትንሽ ታገሺኝና እመለስበታለሁ። መጀመሪያ መሣሪያው ከየት እንደመጣ ካላወቅሽ ለምን እንዲህ እንደሆነ አይገባሽም።

ጀማሪዋ፦ ከኮንትራባስ አይደለም እንዴ?

ቤዚስቱ፦ ሥራው ከኮንትራባስ ነው፣ አካሉ ከጊታር። ኮንትራባስ ሰው የሚያህል ነገር ነው። ፍሬት የለውም፣ ቦታውን በጆሮ ትፈልጊያለሽ። መኪና ላይ ማሰሩ ራሱ አበሳ ነው። በአሜሪካ የዳንስ ባንዶች ጊታሩን በኤሌክትሪክ ሲያጮኹት ደግሞ ጭራሽ የማይሰማ ሆነ። በ1930ዎቹ ሲያትል ውስጥ ፖል ተትማርክ የሚባል ሰው እንደ ጊታር የሚታቀፍ፣ ፍሬት ያለው የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፣ ሰው አላየለትም። እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ፉለርተን ላይ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ። ዛሬ ይሄ እጅሽ ላይ ያለው ራሱ የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አያውቅም።

ጀማሪዋ፦ ሳይጫወት እንዴት ሠራው?

ቤዚስቱ፦ ምናልባት ለዚያ ይሆናል በደንብ የሠራው። የሚጫወቱትን ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ይቀይራል። ደግሞ መሣሪያውን ብቻ ለቆ ዝም አላለም፤ በዓመቱ ቤዝማን የሚባለውን አምፕ አመጣ፤ አምፕ የሌለው ቤዝ እንጨት ነው። ፒካፑ ውስጥ ማግኔትና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ፤ ብረቱ ክር ማግኔቱ ላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፑ ያንን ያጎላል። ለዚህ ነው ናይለን ክር የማይሠራበት።

ጀማሪዋ፦ መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር ማታ ማታ ነው የሚጠፋው፣ እኔ የምለማመደው ደግሞ ማታ ነው።

ቤዚስቱ፦ የአንገቱን ጫፍ ቁም ሳጥን ላይ አስደግፊና ተጫወቺ። እንጨቱ ከክሩ ጋር ይርገበገባል፣ ለራስሽ የሚበቃ ድምፅ ይሰጥሻል። የቤት ሰው ብቻ እንዳይቆጣሽ።

ጀማሪዋ፦ እሺ። አሁን የማልደብቅዎትን ጥያቄ ልጠይቅ። ኪቦርዲስታችን «በግራ እጄ ቤዙን እሠራዋለሁ፣ ምን ሰው ያስፈልጋል» ይላል። ከተማው ውስጥም ባንድ የሚባለው አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ሆኖ የለ? እውነት ያስፈልጋል ቤዝ ጊታር?

ቤዚስቱ፦ ልጁ ግማሽ እውነት አለው። ዳንስ ሙዚቃ ላይ የኪቦርድ ቤዝ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፣ አልንቀውም። አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ የሆነውም ባለ ሆቴሉ አምስት ሰው መክፈል ስለከበደው ነው፣ ሙዚቃው ስለጠየቀ አይደለም። ግን ግራ እጁ ሌላ ሥራ ያለበት ሰው ቤዙን በትርፍ ሐሳብ ነው የሚጫወተው። ወደ ያልኩሽ ነገር ልመለስ። ኢን ክፍቷን ምቺልኝ። እንዲሁ ተያት።

ጀማሪዋ፦ ...ገና አላለቀችም።

ቤዚስቱ፦ አታልቅም፣ ካልያዝሻት ብዙ ትቆያለች። አሁን ኳየራችሁ ውስጥ ድራመሩ ስኔሯን ሲመታ ያቺ ኖታ እየጮኸች ከሆነ የስኔሩ ምት ይሰጥማል። ልክ ስኔሩ ሲመታ ካስቆምሻት ግን ስኔሩ ይገንናል፤ ሕዝቡም ድራመሩን ያመሰግናል። እኛ የምንሠራው ይኼን ነው። ኖታ መጀመር ማንም ይጀምራል፤ ቤዚስት የሚያደርግሽ የማስቆሚያው ሰዓት ነው።

ጀማሪዋ፦ በምንድን ነው የማስቆማት?

ቤዚስቱ፦ የተጫንሽውን ጣት ሳታነሺ ታላያለሽ፤ ክሩን ነክቶ ይቀራል፣ ድምፁ ይሞታል። ክፍት ክር ከሆነ በግራ እጅሽ ጣቶች በስሱ ትነኪዋለሽ። ቀኝ እጅሽም ይረዳል፦ አውራ ጣትሽን ፒካፑ ላይ አሳርፊ፣ ወደ ቀጫጭኖቹ ስትወጪ አውራ ጣቱ ወደ ኢ ክር ይውረድና ዝም ያሰኛት። በሌባ ጣትና በመሀል ጣት እያፈራረቅሽ ነው የምትመቺው። ክሩን ወደ ላይ አትሳቢ፤ ጣትሽ ክሩን አልፎ ቀጣዩ ወፍራም ክር ላይ ይረፍ። ያረፈበትንም ክር በዚያው ዝም አሰኝቶታል።

ጀማሪዋ፦ ሁለት ጣት ግዴታ ነው?

ቤዚስቱ፦ ጄምስ ጀመርሰን ሁለተኛ ጣት አልፈለገም። ዲትሮይት ውስጥ የሞታውንን ዘፈኖች በብዛት የተጫወተው እሱ ነው፣ በአንድ ሌባ ጣት። ጣቱን «መንጠቆው» ይሉት ነበር። ከኮንትራባስ የመጣ ሰው ነው፤ ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ወፍራም ክር አስሮ ካልተበጠሰ አይቀይረውም፣ ብሪጁ ክዳን ሥር ደግሞ ስፖንጅ አለ፣ ኖታው ቶሎ እንዲሞት። አየሽ፣ እሱም ስለ ማስቆም ነበር የሚጨነቀው። ስሙን ሰው ያላወቀው ግን አልሰማሁትም ብሎ አይደለም፤ የሞታውን አልበሞች ለረጅም ጊዜ የአጃቢዎቹን ስም አይጽፉም ነበር። ማርቪን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1971 «ዋትስ ጎይንግ ኦን»ን ሲያወጣ ነው ስማቸው ሽፋኑ ላይ የወጣው። ይኼ ያናድደኛል፣ እስከ ዛሬ።

ጀማሪዋ፦ የእኛዎቹስ?

ቤዚስቱ፦ የእኛዎቹንም ስማቸውን የሚጠራ ስንት ሰው ታገኛለሽ? ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ» ሁሉ ያውቀዋል። ቤዙን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነው፣ በኋላም በሮሃ ባንድ። የዋልያስን «ሙዚቃዊ ስልት» ብታፏጪ መንገደኛው ይከተልሻል፤ የዋልያስ ቤዚስት መላኩ ገብሬ ብትይ ግን ማን ነው ይልሻል። እነዚህን ሁለቱን በጆሮ ማዳመጫ ስሚ። ግርግር የለም። ሪኮ የሚደጋግማትን ሐረግ እየደጋገመ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ብቻ ትንሽ ይቀይራታል።

ጀማሪዋ፦ እኔ ግን ኢንተርኔት ላይ የማየው ሌላ ነው፤ በአውራ ጣት እየደበደቡ...

ቤዚስቱ፦ ስላፕ ነው። አታምጪብኝ ልልሽ ነበር፣ ግን አመጣጡ ደስ ይላል። ላሪ ግራሃም ከእናቱ ጋር ነበር የሚጫወተው፣ እናቱ ፒያኖ ላይ። ድራመር አጡ። እሱ ታዲያ የባስ ድራሙን ምት በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እየደበደበ፣ የስኔሩን ደግሞ ቀጭኑን ክር ጎትቶ እያስጮኸ ተካው። በኋላ ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ውስጥ ሲገባ ዓለም ተማረለት። ለችግር የተፈለሰፈ ነገር ነው እንጂ ለማሳያ አልነበረም። አንቺ ድራመር አለሽ። ለጊዜው ተዪው።

ጀማሪዋ፦ በፒክስ?

ቤዚስቱ፦ ነውር የለበትም። ካሮል ኬይ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ውስጥ ስንቱን ቀረጻ በፒክ ተጫውታዋለች። ድምፁ አጀማመሩ ጥርት ይላል። ፍሬት የሌለውም አለ፣ ጃኮ ፓስቶሪየስ የገነነበት፤ የጃዝ ቤዙን ፍሬቶች ነቅሎ ነው የተጫወተው። ያንን ጆሮሽ ሲበስል።

ጀማሪዋ፦ ጥሩ። ከመጀመሪያው ልምምድ የጨበጥኩት ነገር አለ፤ ያሳየኝ ልጅ «ሥሯንና አምስተኛዋን ካወቅሽ የትም አትወድቂም» አለኝ። ሲን በኤ ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ከዚያ በዲ ክር አምስተኛ ፍሬት ጂን። እዚያው አምስተኛ ፍሬት በጂ ክር ደግሞ ላይኛዋ ሲ። ለሁሉም መዝሙር ያንን ነው የምጫወተው።

ቤዚስቱ፦ ለሁሉም?

ጀማሪዋ፦ አንዳንዱ ላይ ይጎረብጣል። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ቤዚስቱ፦ የሚጎረብጥሽን አንዱን አንጎራጉሪልኝ... በቃ፣ በቃ። አንቺ ሆዬ ነው እኮ። ልጄ፣ ቅኝቶቹን አንድ በአንድ ጣትሽ ላይ አስቀምጫቸው። ሁሉንም ከሲ እንጀምር። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ጂ አለች፣ አምስተኛሽ ትሠራለች። ባቲ ውስጥም ጂ አለች። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፣ እዚያም አለች። አንቺ ሆዬስ? ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ።

ጀማሪዋ፦ ጂ የለችም!

ቤዚስቱ፦ የለችም። ዘማሪዋ ጂ ፍላት ስታዜም አንቺ ከሥር ጂ ታደርጊባታለሽ። ግማሽ ቶን ተጠግተው ይናከሳሉ። አምስተኛዋን ተያት። ሲና ላይኛዋ ሲ ላይ ቆዪ፣ ከዲ ፍላት ወደ ሲ ውረጂ፤ ያቺ ግማሽ ቶን አወራረድ ቅኝቱን በአንድ እርምጃ ትናገረዋለች።

ጀማሪዋ፦ ኪቦርዲስቱ ኤፍ ኮርድ ሲይዝበት ግን ያምራል።

ቤዚስቱ፦ ያምራል፤ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ሦስቱም ቅኝቱ ውስጥ ስላሉ። የኤፍ አምስተኛ ደግሞ ሲ ናት፣ እሷም አለች። ነገር ግን አስተውይ፤ አንቺ ከሥር ኤፍን ደጋግመሽ ከመታሽ ሰሚው ቤቱ ኤፍ ነው ብሎ ይቀመጣል። ዜማው አልተለወጠም፣ ዘማሪዋ አንድ ኖታ አልቀየረችም፣ ግን ያረፈችበት ሲ ማረፊያ መሆኑ ይቀርና መንገድ ላይ የቆመች ይመስላል። ትዝታውንም እንደዚሁ ማበላሸት ይቻላል። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ኤፍ የለችም፤ ሦስት ኮርድ የለመደ ሰው ግን ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ እያለ ያጅበዋል፣ ቤዚስቱም ይከተለዋል። በአንድ ጊዜ ከአውሮፓ የመጣ መዝሙር ይሆናል። አንዳንዴ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ቆንጆም ይሆናል። እኔ የምለው ሆን ብለሽ አድርጊው ነው።

ጀማሪዋ፦ ታዲያ ኪቦርዲስቱ ኤፍ ሲይዝ እኔ ምን ላድርግ? ልጣላው?

ቤዚስቱ፦ ሲን ያዢና ዝም በይ። ኮርዱ ኤፍ ሆኖ ቤዙ ሲ ላይ ከቆመ ቤቱ አይናድም። እሱ ኮርዱን ይዟል፣ አንቺ መሬቱን። የባህል ባንዶች ውስጥ ቤዝ ክራር የሚጫወቱትን ሄደሽ ተመልከቺ። ፈረንጅ ኮርድ ሳይሉ፣ ከቅኝቱ ሳይወጡ፣ ሊድ ክራሩ ከላይ ሲሮጥ እነሱ ከታች ሁለት ሦስት ድምፅ ደጋግመው ሌሊቱን ያነጉታል።

ጀማሪዋ፦ ሽብሸባ ያለበት መዝሙር ላይስ? እዚያ ከድራመሩ ጋር እየተጋጨን ነው።

ቤዚስቱ፦ ስድስት ቁጠሪ። ስድስቱን በሦስት ሦስት ብትከፍይው ሁለት ትልልቅ ምት ይወጣዋል፣ በሁለት ሁለት ብትከፍይው ሦስት። ችክችካ የሚሞቀው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ከመዝሙሩ በፊት ድራመሩን «ባስ ድራምህ የትኛው ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። እሱ ሁለቱን ከያዘ አንቺ ያንኑ አጽኚለት፤ ሦስቱን ደግሞ አልፎ አልፎ ጣል አድርጊበት። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ሁለቱንም ልትጫወቱ ከሞከራችሁ ነው ሕዝቡ እግሩ የሚጠፋበት። ጥቂት ቀን ያለ ኳየሩ፣ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። ሙዚቃው እዚያ ካልቆመ ኪቦርድ አያቆመውም።

ጀማሪዋ፦ ጣቴ አሁኑኑ ተላጠ።

ቤዚስቱ፦ ጫፉ ይጠነክራል፣ ያ ችግር አይደለም። አንጓሽን ካመመሽ ግን አቁሚ፤ ከመጠን በላይ እየጨበጥሽ ነው። ጣትሽን ፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከኋላው ጥግ ላይ አድርጊ፣ ትንሽ ጉልበት ይበቃል። የአምፑን ድምፅ ጨምረሽ በስሱ ምቺ። ጀማሪ ሁሉ አምፑን ዝቅ አድርጎ ክሩን ይቀጠቅጣል።

ጀማሪዋ፦ አንድ የመጨረሻ። ሶሎ የምትዘምረው እህት መድረክ ላይ ወጥታ «ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ በአንድ ቶን አውርዱልኝ» ትለናለች። ያኔ ነው የምሞተው።

ቤዚስቱ፦ ያኔ ነው ቤዚስት በመሆንሽ የምትደሰቺው። አራቱም ክሮች እኩል ርቀት ነው የተቃኙት፣ እያንዳንዱ ከቀጣዩ በአራተኛ። ስለዚህ የጣትሽ አቀማመጥ የትም ብትሄጂ ያው ነው። ክፍት ክር ካልተጠቀምሽ እጅሽን እንዳለ ሁለት ፍሬት ወደ ነቱ ታንሸራትቻለሽ፣ አለቀ። ጊታሪስቱ ኮርድ ሲያስብ፣ ሳክስፎኑ ጣቱን ሲቆጥር አንቺ ጨርሰሻል።

ጀማሪዋ፦ ኪቦርዲስቱስ?

ቤዚስቱ፦ እሱ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ ይጫናል።

ጀማሪዋ፦ ያማ ከእኔም ይፈጥናል!

ቤዚስቱ፦ ይፈጥናል፤ ቁልፉን መመለሱን ረስቶ ቀጣዩን መዝሙር ካልጀመረ።